ሞላ ቀይረን ለሰማነው ድምፅ «ይለመዳል» መልስ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ናችሁ? ጋዜጣችሁ ላይ ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ ታክሲ ታሪፍ፣ ስለ ትራፊክ ቅጣት ብዙ ይጻፋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን በየሰፈሩ ጋራዥ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ሲጻፍ አይቼ አላውቅም፣ እኔ ደግሞ ሰሞኑን የደረሰብኝ ነገር ስንት ሰው ላይ እየደረሰ እንደሆነ ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። መኪናዬ የ2002 ሞዴል ቪትዝ ናት፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርስባት፣ እናቴን ለክትትል ሆስፒታል የማመላልስባት እሷው ናት፣ ሌላ የለኝም።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ከሥሩ ጉድጓድ መኖሩን ሳላይ ገባሁበት፣ በቀኝ በኩል ድው አለ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ቀረች። ጋራዥ ሲያዩት የፊት ቀኝ ሞላ፣ ማለትም የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ጥቅልል ብረት፣ ከታችኛው ጫፉ አንድ ዙር ያህል ተሰብሯል። ሞላ ብዙ ጊዜ እዛው ጋ ነው እኮ የሚሰበረው፣ ታችኛው መቀመጫ ላይ ጭቃና ውሃ ይተኛል፣ ቀለሙ ይፋቃል፣ ዝገት ቀስ እያለ ይበላውና አንድ ቀን ጉድጓድ ሲያገኝ ቀጭ ይላል።

አዲስ ኦርጅናል ዋጋ ጠየቅኩ፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ መለዋወጫ ምን እንደሆነ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል፣ በኔ ደሞዝ የሚሞከር አልነበረም። ስለዚህ ያገለገለ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሶማሌ ተራን ብዙ ሰው በክፉ ነው የሚያነሳው፣ እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ያቺ ሰፈር ባትኖር የስንቶቻችን መኪና ቆሞ ሳር ይበቅልበት ነበር። በዛ ላይ በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ በኋላ አሁን በእጃችን ያሉት አሮጌ ቶዮታዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ፣ ያገለገለ ዕቃ ደግሞ አብሯቸው ይኖራል። ስለዚህ ያገለገለ አትግዙ ለማለት አይደለም የምጽፈው። አዲስ መግዛት የማይችለውን ሰው አትግዛ ማለት መኪናህን አቁም ማለት ነው፣ እሱን የሚል ሰው ደግሞ ልጆቹን በምን እንደሚያደርስ አላውቅም።

ሁለት ሞላ ገዛሁ፣ ጥንድ ነው ተባልኩ፣ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ መሬት ላይ ሲያቆሟቸው ቁመታቸው እኩል ነው፣ በቃ አመስግኜ ወጣሁ። ሰፈሬ ያለ ጋራዥ ወስጄ በግማሽ ቀን ገጠሙልኝ።

ሲገጥሙ ያየሁትን ግን ሳልናገር አላልፍም። ሞላው ተጨምቆ ነው ሾክ አብዞርበሩ (የመኪናዋን መንጠር የሚያበርደው ዘንግ) ላይ የሚታሰረው፣ ለዚህ ሥራ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ብሎን ያለው መጨመቂያ መሣሪያ አለ፣ እነሱ ጋ ግን አንዱ ብሎን ተበልቶ ስለነበር አንድ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሞላውን በሽቦ ጠፍሮ በጉልበቱ ተንበርክኮበት ነበር ዳዶውን የሚያስገባው። ፊቱ ሞላው ላይ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር ነው ይሄ፣ አንድ ሞላ በየሚሊሜትሩ 2 ኪሎ ቢገፋና 15 ሳንቲሜትር ቢጨመቅ ውስጡ የሚቀመጠው ጉልበት 22 ኪሎ ተኩል ድንጋይ ከ1 ሜትር ላይ ሲለቀቅ ከሚያመጣው ጋር እኩል ነው፣ ሽቦው ቢበጠስ ያ ሁሉ ልጁ አገጭ ላይ ነው የሚያርፈው። ተው አልኩት፣ «ለምደነዋል» አለኝ። እባካችሁ ባለ ጋራዦች፣ ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይህን አንድ መሣሪያ ለልጆቹ ግዙላቸው።

መኪናዋን ይዤ ስወጣ ገና ከጋራዡ በር ሳልርቅ ነው ድምፁ የጀመረኝ። ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ቆሜ መሪ ሳዞር የሚመጣ፣ ትንሽ ይታገሥና ልክ እንደ ተወጠረ የክራር ጅማት ጥንንን ብሎ ይለቃል፣ መሪው ላይም እጄን ይነካኛል። ሁለተኛው ኮብልስቶን ላይ ስነዳ ቋ ቋ ቋ የሚል፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ ያለ ድምፅ። ተመልሼ ነገርኳቸው፣ «አሮጌ ሞላ ስለሆነ ነው፣ ቦታውን እስኪይዝ ነው፣ ይለመዳል» አሉኝ። ሳምንት ነዳሁት፣ አልተለመደም። ስመለስ ቦል ጆይንት ነው አሉኝ፣ ጎማውን ከሥሩ ካለው ክንድ ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ፣ ተቀየረ። ድምፁ እንዳለ ነው። ከዛ የስታብላይዘር (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ዘንግ) ሊንክ፣ ማለትም ማገናኛው ነው አሉኝ፣ ግራና ቀኝ ተቀየረ። አሁንም እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ከጊቢ ስወጣ ሲጢጥ የሚል ሦስተኛ ድምፅ ተጨመረበት። እስከዚህ ድረስ ከሞላው ዋጋ ሌላ ለዕቃና ለእጅ ከአሥራ አንድ ሺህ ብር በላይ አውጥቻለሁ፣ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚገባበት ወር ላይ። የናደደኝ ብሩ ብቻ አይደለም፣ አንድም ቀን ማንም ሰው አብሮኝ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ድምፁን አልሰማም። ስናገር ይሰሙኛል፣ ከዛ ቁልፍ አንስተው መፍታት ነው።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንድ ትልቅ ሰው ጋ ወሰደኝ፣ ጋራዣቸው ሁለት መኪና ብቻ ነው የምትይዘው፣ ሥራ የጀመሩት በላዳና በፊያት ዘመን ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። ስደርስ ምን ተቀየረ ብለው አልጠየቁኝም፣ «መምህር፣ ቁልፉን ስጠኝና ከጎኔ ተቀመጥ» ነው ያሉኝ። ሬዲዮ አጠፉ፣ መስኮቱን ሁሉ አወረዱ፣ ከዛ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ብሬከር ላይ ሁለቱን የፊት ጎማ እኩል አድርገው ቀስ ብለው ወጡበት። ድምፅ አለ። አዙረው ተመለሱና አሁን ደግሞ መኪናዋን አጣመው አንድ ጎማ ብቻ ቀድሞ እንዲወጣ አደረጉ። ያው ድምፅ ነው፣ አልጨመረም አልቀነሰም። «ሊንኩን ለምን ቀየሩት?» አሉኝ። ስታብላይዘር የሚሠራው አንዱ ጎማ ወጥቶ ሌላው ሲቀር ነው፣ ሁለቱ እኩል ሲወጡ እሱ ሥራ የለውም፣ ዝም ብሎ አብሮ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሊንኩ ቢሆን ኖሮ እኩል ስንወጣ ዝም ብሎ ወይ ቀንሶ አጣምመን ስንወጣ በተንኳኳ ነበር። ይህን ለማወቅ አንድ ብሬከርና አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ እኔ ግን የሁለት ሊንክ ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

አሮጌው ቦል ጆይንት ፖርታ ባጋሊ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር፣ አውጥቼ አሳየኋቸው። በእጃቸው ይዘው ወዲህ ወዲያ አሉት፣ ጠበቅ ያለ ነው፣ የጎማ ሽፋኑ እንኳን አልተቀደደም። ምንም ሳይሉ መልሰው ሰጡኝ።

ከዛ ጋራዥ ገብተን መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች የእጅ ፍሬን ስበው ሞተሩን አስነሱና «መሪውን ቀስ ብለህ ከዳር እስከ ዳር አዙርልኝ» አሉኝ፣ እሳቸው ጎማው ጀርባ እጃቸውን አስገብተው የጣቶቻቸውን ጫፍ ሞላው ላይ ከውጭ በኩል አስደገፉ፣ በዙሮቹ መሀል አይደለም፣ መሀል ጣት ያስገባ ጣቱን ያጣል። ሳዞር ሞላው መዞር ሲገባው አይዞርም፣ ይጠመዘዛል፣ ይጠመዘዛል፣ ከዛ ጥንንን ብሎ በአንድ ጊዜ ይፈናጠራል። ወርጄ እኔም እጄን አስደግፌ ልጃቸው ሲያዞር ተሰማኝ፣ ድንገት እንደሚዘል ነገር ነው። ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሞላ ጉልበት ሲያጠራቅምና ሲለቅ በእጄ የነካሁት ግን ያን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊት ሾክ መሪ ሲዞር አብሮ ይዞራል፣ ሞላውም አብሮት መዞር አለበት፣ ከላይ ያለው ማውንቲንግ (የሾኩ መያዣ) ግን ቦዲው ላይ በዳዶ ስለታሰረ አይዞርም። ስለዚህ በሁለቱ መሀል እንዲዞር የሚያደርግ ኩሽኔታ አለ። ያ ኩሽኔታ አሸዋ ገብቶበት ከደረቀ ሞላው ከላይ በኩል ተይዞ ከታች በኩል ይጎተታል፣ ሲበዛበት ይለቃል፣ ድምፁ ያ ነው። አሮጌውን ሞላ ሲያወጡ ኩሽኔታው እጃቸው ላይ ነበር እኮ፣ አንዴ በጣት ቢያዞሩት ይለያል፣ ግን ሳያዩት ነው መልሰው ያሰሩት።

ሾኩን ሲያወርዱት ደግሞ ሌላው ወጣ። ታችኛው መቀመጫ ሰሃን ላይ ደረጃ መሳይ ማቆሚያ አለች፣ የሞላው ጫፍ እዛ ጋ ተጠግቶ ነው መቀመጥ ያለበት፣ የኔ ግን ከማቆሚያዋ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ተቀምጦ ነበር። በሞላውና በሰሃኑ መሀል መኖር ያለበት የጎማ ማረፊያ የለም። የት ገባ? ከተሰበረው ሞላ ጋር ተጥሏል። ብረቱ ብረት የነካበት ቦታ ልክ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል፣ ዙሪያው ላይ ቀይ የዝገት ዱቄት አለ። «ሌባው ይሄውልህ» አሉኝ ጣታቸውን ዱቄቱ ላይ አድርገው። የሚያበራ ብረትና ቀይ ዱቄት ካለ እዛ ጋ መነካካት አለ ማለት ነው፣ ጆሮ ሊሳሳት ይችላል፣ ይሄ ግን አይሳሳትም። ኮብልስቶን ላይ ቋ ቋ ይል የነበረው ይኸው ነው።

ከዛ ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ አውጥተው የሁለቱን ሞላ ሽቦ፣ ማለትም የተጠቀለለውን ብረት ራሱን፣ ውፍረት ለኩ። ዝገቱን በብሩሽ ጠርገው ሦስት ሦስት ቦታ ነው የለኩት። ግራው 12 ሚሊሜትር፣ ቀኙ 11 ሚሊሜትር። ለዓይን ምንም ልዩነት የለውም፣ እኔም ስገዛ አላየሁትም። ግን የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር በቀጥታ አይደለም የሚሄደው፣ ከውፍረቱ አራተኛ ፓወር ጋር ነው። 12 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 20,736 ነው፣ 11 ደግሞ 14,641፣ ስለዚህ የዙሩ ብዛትና ስፋት እኩል ሆኖ በ1 ሚሊሜትር ብቻ ግራው ከቀኙ በ40 በመቶ በላይ የጠነከረ ነው። ጥንድ ነው የተባልኩት ከሁለት የተለያየ መኪና የወጣ ነበር። ሲፈታ መሬት ላይ ቁመቱ እኩል መሆኑ ምንም ማለት አይደለም፣ ጭነት ሲያርፍበት ነው የሚለየው። እሳቸው ያሳዩኝ ሌላ ዘዴ አለ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ጠርዝ ቀጥ አድርጎ በሜትር መለካት፣ ከመሬት ሳይሆን ከጎማው መሀል፣ ምክንያቱም ከመሬት ከተለካ የጎማው ነፋስ ማነስ ያሳስታል። የኔ ቀኙ በ2 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ነበር።

ሲጢጥ የሚለው ሦስተኛው ድምፅ ደግሞ የገዛ ጥገናችን ያመጣው ነው። ቦል ጆይንቱን ሲቀይሩ ታችኛውን ክንድ ፈትተውት ነበር፣ ሲመልሱት መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ነው ብሎኑን ጥርቅም አድርገው ያጠበቁት። የክንዱ ጎሚኒ (መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ) በዛ ሁኔታ ከታሰረ መኪናዋ መሬት ስትወርድ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ነው የሚኖረው፣ ይጮሃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ያረጋገጡበት መንገድ ገርሞኛል፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘው ጎሚኒው ላይ አፈሰሱና መኪናዋን ከላይ ጫን ጫን አደረጉ፣ ጩኸቱ ጠፋ። ውሃው ሲደርቅ ተመልሶ መጣ። እንግዲህ የት እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው። ብሎኑን አላልተው፣ መኪናዋን አውርደው፣ ወዝወዝ አድርገው፣ ክብደቷ ጎማው ላይ እያለ አጠበቁት፣ አለቀ፣ ምንም ዕቃ አልተገዛም። በነገራችን ላይ ላቫጆ ላይ ድምፅ ይጠፋል እየተባለ ከሥር ናፍታና የተቃጠለ ዘይት የምታስረጩ ሰዎች እባካችሁ ተዉት፣ ለሁለት ቀን ዝም ያሰኘዋል እውነት ነው፣ ግን ዘይት ጎማ ያሳብጣል፣ ያላሽቃል፣ ከዛ ጎሚኒውን በሙሉ ነው የምትቀይሩት።

ሻጩ ጋ ሁለቱን ሞላ ይዤ ሄድኩ፣ ካሊፐሩንም ተውሼ። አልተጣላንም፣ ለካሁ አሳየሁት፣ እሱም ራሱ አያውቅም ነበር፣ ከክምሩ ውስጥ እየለካን 12 የሆነ፣ የዙሩ ብዛት እኩል የሆነ አገኘን። እዛው ነው የተማርኩት አንዳንዱ ሞላ ላይ ትንሽ የቀለም ነጥብ ወይም ሰረዝ እንዳለ፣ ነጠላ ወይም ድርብ፣ ፋብሪካው የሚለይበት ምልክት ነው፣ ቀለሙ ያልለቀቀ ከሆነ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ማየት ነው። አንዳንድ ሻጭ ደግሞ ሞላውን አሳምሮ ጥቁር ቀለም ይቀባዋል፣ ያኔ ምልክቱም ዝገቱም አብሮ ይሸፈናል፣ ስለዚህ የተቀባ ከሆነ ጫፍ ጫፉን ፋቅ አድርጋችሁ እዩ፣ ዝገቱ ብረቱን ጎድጎድ አድርጎ በልቶት ከሆነ ተዉት፣ እሱ ነገ የሚሰበር ነው። በእሳት ተሞቆ የተዘረጋ ሞላም አለ፣ መኪና ከፍ እንዲል ተብሎ፣ እሳት የነካው ቦታ ጥንካሬውን ስለሚያጣ በርካሽም ቢሆን አይገዛም።

አሁን ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው። በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ቦታ ስጡና ከተግባረ ዕድ ወይም ከሌላ የሙያ ኮሌጅ አንድ የአውቶሞቲቭ መምህር እንዲህ ዓይነቱን ነገር ይጻፍልን። ፖለቲካ አይደለም፣ ገንዘብም አያስወጣም። ያገለገለ ዕቃ የምንገዛው ሰዎች ብዙ ነን፣ መካኒኮቹም አብዛኞቹ ከልጅነታቸው እያዩ የተማሩ ታታሪ ልጆች ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም፣ ግን ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ዕቃ መቀየር እንደሆነ ነው የለመዱት፣ ምክንያቱም ደንበኛው ዕቃ ሲቀየር ካላየ ለእጅ አይከፍልም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኛም የባለ መኪኖቹ ነው። እኚህ ትልቅ ሰው ድምፁን ፈልገው ላገኙበት ሁለት ሰዓት ስከፍላቸው አጠገቤ የነበረ ሰው «ምን ቀየሩልህና ነው?» አለኝ። የከፈልኩት በትክክል ለሱ ነው፣ ምንም ሳይቀይሩ ስላወቁልኝ። ጋራዦችም በግልጽ ለምርመራ ይህን ያህል እናስከፍላለን ቢሉ እኔ በደስታ እከፍላለሁ፣ ከአሥራ አንድ ሺህ ብር ይሻለኛል።

ሞላ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ አሮጌው ሲወጣ አጠገቡ ቁሙ፣ የሞላው የላይኛውና የታችኛው የጎማ ማረፊያ እንዳይጣል በእጃችሁ ያዙት፣ ኩሽኔታውን ራሳችሁ በጣት አዙሩት፣ ሲገጠም የሞላው ጫፍ ማቆሚያዋ ጋ መድረሱን እዩ። ከዛ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ሞላውን በእጅ ነቅነቅ አድርጉት፣ ከተነቃነቀ አጭር ነው ወይም የሌላ መኪና ነው፣ ጉድጓድ ላይ ጎማው ሲወርድ ከመቀመጫው ይለቅና ሲመለስ ይማታል። ሾኩ ከወረደ በኋላ ዊል አላይመንትም (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ሳታስደርጉ አትነሱ፣ ጎማ ይበላባችኋል።

እኔ እሳቸው እንዳሳዩኝ ከትምህርት ቤት ባመጣሁት ጠመኔ ከሞላው ጫፍ እስከ ሰሃኑ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሬበታለሁ፣ ሞላው ከተንሸራተተ መስመሩ ይሰበራል። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ዛሬ ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ስመለስ መሪውን አዙሬ በስልኬ መብራት አየሁት፣ ትንሽ ጭቃ ነክቶታል እንጂ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ የሆንኩ አንድ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ